የጠፈር ቴሌስኮፕ የምልከታ መርሐ ግብር

የጠፈር ቴሌስኮፕ የምልከታ መርሐ ግብር አንድ በጠፈር ላይ የሚገኝ ቴሌስኮፕ ወደየትኛው የሰማይ አካል፣ መቼ፣ በየትኛው መሣሪያና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚመለከት አስቀድሞ የሚወስን ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ሁለት ዋና ዓላማዎች አሉት። የመጀመሪያው ውድ የሆነው የቴሌስኮፑ ጊዜ እንዳይባክን ማድረግ ነው። ሁለተኛው በአንድ ቴሌስኮፕ ውስጥ አብረው የሚሠሩ መሣሪያዎች አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ መጠበቅ ነው። ሁለቱ ዓላማዎች ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ፤ ጊዜ ለመቆጠብ መሣሪያዎችን አብሮ ማሠራት ይጠቅማል፣ መሣሪያዎችን ለመጠበቅ ግን አንዳንዶቹን መለያየት የግድ ነው። መርሐ ግብር አውጪዎች ይህን ግጭት የሚፈቱት በዋናነት በቅደም ተከተል፣ ማለትም የትኛው ምልከታ ከየትኛው በፊት ወይም በኋላ እንደሚመጣ በመወሰን ነው።

ይህ መጣጥፍ በዋናነት የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕን እንደ ምሳሌ ይወስዳል። የስፒትዘርና የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፖች አሠራርም በንጽጽር ቀርቧል።

አንድ መስታወት፣ ብዙ መሣሪያዎች

ሃብል ሚያዝያ 16 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 24 ቀን 1990) በዲስከቨሪ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተላከ። ዋናው መስታወቱ 2.4 ሜትር ስፋት አለው። ይህ መስታወት የሚሰበስበው ብርሃን ከኋላው ለተቀመጡት መሣሪያዎች ሁሉ የጋራ ነው። ከመሣሪያዎቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ1997 የተገጠመው ስቲስ የተባለው ስፔክትሮግራፍ፣ በ2002 የተገጠመው ኤሲኤስ የተባለው የዳሰሳ ካሜራ፣ በ2009 የተገጠሙት ሰፊ መስክ ካሜራ 3 እና ኮስ የተባለው ስፔክትሮግራፍ ይገኙበታል። ስፔክትሮግራፍ ብርሃንን ወደ ቀለማቱ በመበተን የአንድን አካል ሙቀት፣ ፍጥነትና የተሠራበትን ንጥረ ነገር ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያ ነው።

መሣሪያዎቹ መስታወቱን ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይሉን፣ ማኅደረ ትውስታውን፣ ወደ ምድር የሚወስደውን የሬዲዮ መስመርና ቴሌስኮፑን የሚያዞረውን ሥርዓትም ይጋራሉ። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ የሚጠይቀው ምልከታ ሌሎች ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን ሀብት ይነካል። የሃብልን የምልከታ ዕቅድ የሚያወጣው በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ነው። ከመላው ዓለም የሚቀርበው የምልከታ ጥያቄ ቴሌስኮፑ ካለው ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከምህዋሩ የሚመጡ ገደቦች

መሣሪያዎቹ እርስ በርስ መጠላለፋቸው ከመታየቱ በፊት ቴሌስኮፑ ራሱ የት እንዳለ መታየት አለበት። ሃብል ከምድር ገጽ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይዞራል። አንድ ዙር 95 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድበት በቀን 15 ጊዜ ገደማ ምድርን ይዞራል። የሃብል ጊዜ የሚለካውም በሰዓት ሳይሆን በዙር ነው፤ ተመራማሪዎች የሚጠይቁት «ይህን ያህል ዙር» ብለው ነው።

በእያንዳንዱ ዙር ምድር ራሷ እይታውን ትሸፍናለች። አብዛኛው የሰማይ አካል በአንድ ዙር ውስጥ ሳይቋረጥ የሚታየው ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። በምህዋሩ ዋልታዎች አቅጣጫ ያሉ ጥቂት የሰማይ ክፍሎች ብቻ፣ ያውም በተወሰኑ ቀናት፣ ምድር ሳትጋርዳቸው ይታያሉ። ቴሌስኮፑ ከፀሐይ 50 ዲግሪ ገደማ ባለው ርቀት ውስጥ ወዳለ አካል አይዞርም። ብርሃን ወዳለው የምድር ጠርዝም ሆነ ወደ ጨረቃ እጅግ መቅረብ ምስሉን ስለሚያበላሽ ይወገዳል። መዞሩም ዝግ ያለ ነው፤ ሃብል 90 ዲግሪ ለመዞር 15 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ይህ የግድግዳ ሰዓት የደቂቃ ዘንግ ከሚጓዝበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በሰማይ ላይ የተራራቁ ሁለት አካላትን ተከታትሎ መመልከት ራሱ ጊዜ ያስከፍላል።

ሌላው ትልቅ ገደብ የደቡብ አትላንቲክ መዛባት የሚባለው አካባቢ ነው። ከደቡብ አሜሪካና ከደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ደካማ በመሆኑ በውስጡ የታሠሩ ኃይለኛ ፕሮቶኖች ሃብል እስከሚዞርበት ከፍታ ድረስ ይወርዳሉ። ሃብል በቀን ከሚያደርጋቸው ዙሮች ግማሽ በሚሆኑት ውስጥ ይህን አካባቢ ያቋርጣል። በሚያቋርጥበት ጊዜ አብዛኛው ምልከታ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን አካባቢውን ጨርሶ የማይነኩ 5 ወይም 6 ያህል ተከታታይ ዙሮች ይመጣሉ። እነዚህ «ንጹሕ» ዙሮች በሰሌዳው ውስጥ ከሁሉም የሚፈለጉት ናቸው።

በመሣሪያዎች መካከል የሚፈጠር መጠላለፍ

መሣሪያዎች አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያደናቅፉባቸው መንገዶች ብዙ ሲሆኑ ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የእይታ ቦታ። የሃብል መሣሪያዎች የተቀመጡት ጎን ለጎን ስለሆነ እያንዳንዱ የሚያየው የሰማይ ቁራጭ የተለያየ ነው። ኤሲኤስ እና ሰፊ መስክ ካሜራ 3 የሚያዩዋቸው ቁራጮች 6 የቅስት ደቂቃ ያህል ይራራቃሉ፤ ይህም የሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። አንዱ ካሜራ በአንድ ጋላክሲ ላይ ሲያተኩር ሌላው ከጎኑ ያለውን ሰማይ ያያል። ሁለቱም ያንኑ ጋላክሲ እንዲያዩ ከተፈለገ ተራ መጠበቅ አለባቸው።

ከመጠን ያለፈ ብርሃን። በስቲስና በኮስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ የአልትራቫዮሌት ዳሳሾች እጅግ ደካማ ብርሃን ለመቁጠር የተሠሩ ናቸው። ደማቅ ኮከብ ቢያርፍባቸው እስከ መጨረሻው ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ምልከታው ከመፈቀዱ በፊት በእይታው ክልል ውስጥ አደገኛ ኮከብ አለመኖሩ ይመረመራል። አደጋው የሚበረታው ዋናው ምልከታ የሌላ መሣሪያ ሲሆን ነው። ቴሌስኮፑ በእይታ መስመሩ ዙሪያ ትንሽ ሲሽከረከር ጎን ያለው መሣሪያ የሚያየው ቦታ ይለወጣል። ከዚህ የተነሣ እንዲህ ያሉት የስቲስ ዳሳሾች ከሌላ መሣሪያ ጋር አብረው የሚሠሩት የቴሌስኮፑ የሽክርክሪት ማዕዘን አስቀድሞ በትክክል ሲወሰን ብቻ ነው። እነዚሁ ዳሳሾች የሚሠሩበት ከፍተኛ ቮልቴጅ በደቡብ አትላንቲክ መዛባት ውስጥ መጥፋት ስላለበት የሚመደቡት በንጹሖቹ ዙሮች ላይ ነው።

ተረፈ ምስል። የኢንፍራሬድ ዳሳሾች ደማቅ ነገር ካዩ በኋላ አሻራው ወዲያው አይጠፋም። የኮከቡ ጥላ የሚመስል ደካማ ብርሃን ለብዙ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ይቆያል። ቀጣዩ ተመራማሪ በዚያው ዳሳሽ ሩቅና ደብዛዛ ጋላክሲ ቢመለከት የቀዳሚው ሰው ኮከብ በምስሉ ላይ ሊገኝ ይችላል። አሳሳቢው ነገር እንዲህ ያለው አሻራ እውነተኛ የሰማይ አካል መምሰሉ ነው። ስለዚህ በሰፊ መስክ ካሜራ 3 የኢንፍራሬድ ክፍል ብዙ አሻራ እንደሚተዉ የሚገመቱ ምልከታዎች ተለይተው ይታወቃሉ፤ ከእነርሱ በኋላም ያ ዳሳሽ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከእርሱ በፊት የነበረው ኒክሞስ የተባለ የኢንፍራሬድ ካሜራ ደግሞ ከደቡብ አትላንቲክ መዛባት በወጣ ቁጥር ፕሮቶኖቹ የተዉት አሻራ በምስሎቹ ላይ ይታይ ነበር።

መረጃ ማከማቻና ማስተላለፊያ። ትልልቅ ካሜራዎች ያነሱትን ምስል በመጀመሪያ በራሳቸው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ይይዛሉ፤ ሲሞላም ወደ ቴሌስኮፑ የጋራ መቅጃ ያራግፋሉ። ለኤሲኤስ ይህ ሥራ 6 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሁለት ካሜራዎች አብረው ሲሠሩ የማራገፊያ ጊዜያቸው እንዳይገጣጠም መታቀድ አለበት። የጋራው መቅጃ 12 ጊጋቢት ይይዛል። ይህ መጠን 1.5 ጊጋባይት ነው፤ ዛሬ አንድ ተራ የእጅ ስልክ ከሚይዘው እጅግ ያነሰ ነው። መቅጃው ሞልቶ አዲስ ምስል እንዳይጠፋ በአስተላላፊ ሳተላይቶች በኩል ወደ ምድር የሚላክበት ጊዜም በሰሌዳው ውስጥ ይገባል።

ትይዩ ምልከታ

የመሣሪያዎቹ ጎን ለጎን መቀመጥ ችግር ብቻ ሳይሆን ዕድልም ነው። ዋናው መሣሪያ አንድን አካል ሲመለከት ሌላው መሣሪያ በአጠገቡ ያለውን ሰማይ በነጻ ሊመለከት ይችላል። ይህ ትይዩ ምልከታ ይባላል። ሁለት ዓይነት አለው። በመጀመሪያው ዓይነት አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ሁለቱንም መሣሪያዎች አቀናጅቶ ያቅዳል። በሁለተኛው ዓይነት ትይዩው ምልከታ የሌላ ቡድን ነው፤ ዋናው ቡድን የመረጠውን አቅጣጫና ጊዜ ተከትሎ ይሠራል። እንዲህ ያለው ትይዩ ምልከታ ዋናውን በምንም መንገድ ማደናቀፍ የለበትም፤ የሚያደናቅፍ ከሆነ ይሰረዛል።

እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2016 የተካሄደው ፍሮንቲየር ፊልድስ የተባለው ፕሮግራም የትይዩ ምልከታ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፕሮግራሙ ስድስት ግዙፍ የጋላክሲ ክላስተሮችን መረጠ። የእነዚህ ክላስተሮች የስበት ኃይል ከኋላቸው ካሉ እጅግ ሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣውን ብርሃን እንደ ማጉያ መነጽር ያጎላል። ኤሲኤስ በሚታይ ብርሃን ክላስተሩን ሲያነሳ ሰፊ መስክ ካሜራ 3 በኢንፍራሬድ አጠገቡ ያለውን ባዶ የሚመስል ሰማይ ያነሳ ነበር፤ ወይም በተቃራኒው። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ካሜራዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። በመጨረሻ ክላስተሩም ሆነ ጎረቤቱ ሰማይ በሁለቱም ካሜራዎች ተነስተዋል።

የስድስት ወሩ ጥበቃ ምክንያት አለው። የሃብል የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ወደ ፀሐይ መዞር ስላለባቸው ቴሌስኮፑ በአንድ ቀን እንደፈለገ መሽከርከር አይችልም። ወደ አንድ አካል ሲያይ የሚፈቀድለት የሽክርክሪት ማዕዘን ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትጓዝ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ሁለቱ ካሜራዎች ቦታ እንዲለዋወጡ የሚያስፈልገው የ180 ዲግሪ ለውጥ ግማሽ ዓመት ይወስዳል።

አንድ ቀላል ምሳሌ

የሚከተለው ምሳሌ ሐሳቡን ለማሳየት ብቻ የቀረበ ነው። በአንድ ቀን አራት ምልከታዎች መግባት አለባቸው እንበል።

ሀ) በስቲስ የአልትራቫዮሌት ዳሳሽ፣ 4 ዙር
ለ) በሰፊ መስክ ካሜራ 3 ኢንፍራሬድ፣ ደማቅ የኮከቦች ስብስብ፣ 2 ዙር
ሐ) በሰፊ መስክ ካሜራ 3 ኢንፍራሬድ፣ ደብዛዛ ጋላክሲ፣ 2 ዙር
መ) በኤሲኤስ በሚታይ ብርሃን፣ 2 ዙር

ቀኑ 6 ንጹሕ ዙሮች ብቻ አሉት። «ለ» እና «ሐ» በአንድ መሣሪያ ስለሚሠሩ ተከታትለው ቢቀመጡ የሚመቹ ይመስላሉ። ነገር ግን የደማቆቹ ኮከቦች አሻራ ደብዛዛውን ጋላክሲ ያበላሻል። በመካከላቸው ባዶ ጊዜ ቢተው ደግሞ ዙሮች ይባክናሉ። የተሻለው ቅደም ተከተል «ለ»፣ «መ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» ነው። «ለ» እና «መ» ከንጹሖቹ ዙሮች በፊት ይገባሉ። «ሀ» የመጀመሪያዎቹን 4 ንጹሕ ዙሮች ይወስዳል፤ «ሐ» የቀሩትን ሁለት ይይዛል። ኤሲኤስ እና ስቲስ ሲሠሩ የኢንፍራሬዱ ዳሳሽ አሻራውን እያጠፋ ያርፋል። አንድም ዙር ሳይባክን መጠላለፉ ተወግዷል።

ሰሌዳው እንዴት ይዘጋጃል

እውነተኛው ሥራ ከላይ እንደተጠቀሰው አራት ምልከታ አይደለም። በዓመት የሚታቀዱት ነጠላ ምልከታዎች በሺዎች ይቆጠራሉ። እያንዳንዱም የራሱ ገደብ አለው። ለምሳሌ ኤችዲ 209458 ቢ የተባለችው ፕላኔት በኮከቧ ፊት የምታልፈው በየ3.5 ቀኑ ሲሆን ማለፏ 3 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ምልከታው ከዚያ ሰዓት ውጭ ቢመደብ ዋጋ የለውም።

ዕቅዱ በሁለት ደረጃ ይወጣል። በመጀመሪያ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ለእያንዳንዱ ምልከታ ሊከናወን የሚችልባቸውን ሳምንታት ይመድባል። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ሳምንት ዝርዝር ሰሌዳ ይሠራል፤ በዚህ ደረጃ መዞሩ፣ መሪ ኮከብ መያዙ፣ ምስል መነሳቱና መረጃ መራገፉ በትክክለኛ ሰዓት ይቀመጣሉ። ከዚያ ሰሌዳው ወደ ትእዛዝ ተቀይሮ ወደ ቴሌስኮፑ ይላካል።

ስፓይክ እና ግጭት የመቀነስ ስልት

በኮምፒውተር ሳይንስ እንዲህ ያለ ጥያቄ የገደብ ማርካት ችግር ይባላል። እያንዳንዱ ምልከታ አንድ ተለዋዋጭ ነው፤ ሊመደብበት የሚችለው ጊዜ ዋጋው ነው፤ የተከለከሉ ጥምረቶች ገደቦች ናቸው። ያሉትን ቅደም ተከተሎች ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር አይቻልም። አሥር ምልከታዎች ብቻ 3,628,800 ቅደም ተከተሎች አሏቸው።

ለሃብል የረጅም ጊዜ ዕቅድ የተሠራው ፕሮግራም ስፓይክ ይባላል። ከሠሪዎቹ አንዱ ማርክ ጆንስተን ነው። ስፓይክ የተጠቀመበት የነርቭ መረብ ከተለመደው ዘዴ በተሻለ ለምን እንደሚሠራ በተደረገው ጥናት ስቲቨን ሚንተን፣ ጆንስተንና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ «አነስተኛ ግጭት» የተባለውን ስልተ ቀመር አቀረቡ። አሠራሩ ቀላል ነው።

1. ሁሉንም ምልከታዎች በግምት መድባቸው፤ ግጭት ቢኖርም ችግር የለም።
2. ግጭት ካለባቸው ምልከታዎች አንዱን ምረጥ።
3. ያን ምልከታ ከሌሎች ጋር በጣም ጥቂት ግጭት ወደሚፈጥርበት ጊዜ አዛውረው።
4. ግጭት እስኪጠፋ ድረስ ድገም።

የተለመደው ዘዴ ሰሌዳውን ከባዶ ተነሥቶ አንድ በአንድ ይገነባል፤ ሲጣበቅም ወደ ኋላ ተመልሶ ያፈርሳል። አዲሱ ስልት ግን የተሟላ ነገር ግን ስሕተት ያለበት ሰሌዳ ይዞ ይጠግናል። ስልቱ ንግሥቶችን በቼዝ ሰሌዳ ላይ ሳይጠቃቁ በማስቀመጥ እንቆቅልሽ ላይ ሲፈተን ከመነሻ ድልደላው በኋላ አንድ ሚሊዮን ንግሥቶችን በአማካይ በ50 ገደማ እርምጃ አስተካክሏል። በሃብል ላይ ደግሞ የአንድ ሳምንት ምልከታ ለመደልደል ይወስድ የነበረውን ሦስት ሳምንት ወደ 10 ደቂቃ ገደማ እንዳወረደው በሰው ሠራሽ አስተውሎት መማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ስልቱ ሁልጊዜ መፍትሔ እንደሚያገኝ ዋስትና የለውም፤ አንዳንዴ ግጭቱ ከማይቀንስበት ቦታ ላይ ይቆማል። ስፓይክ በኋላ ለቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕና ለጄምስ ዌብም ተስማምቶ ሥራ ላይ ውሏል።

አስቸኳይ ምልከታ

ሰማይ ሰሌዳን አይጠብቅም። ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017) የሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ውህደት የፈጠረው የስበት ሞገድ በምድር ላይ ተመዘገበ። ብርሃኑ በኤንጂሲ 4993 ጋላክሲ ውስጥ ተገኘ፤ በየቀኑም እየደበዘዘ ሄደ። ሃብል በቀናት ውስጥ ወደዚያ ዞሮ ተመልክቶታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተጠናቀቀው የሳምንቱ ሰሌዳ ይፈርስና እንደገና ይሠራል። የተነሱት ምልከታዎች ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል፤ አዲሱ ቅደም ተከተልም ከላይ ከተጠቀሱት መጠላለፎች ነጻ መሆኑ እንደገና ይረጋገጣል። ሥራው አድካሚ ስለሆነ ሰሌዳ የሚያፈርሱ ጥያቄዎች በዓመት የተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው።

ሌሎች ቴሌስኮፖች

ስፒትዘር። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2020 የሠራው ይህ የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ሦስት መሣሪያዎች ነበሩት። በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዝ ስለነበር ትርፍ ሙቀት ጠላቱ ነበር። ሂሊየሙ እስካለቀበት እስከ 2009 ድረስ በአንድ ጊዜ የሚሠራው መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር። ዕቅዱ በዘመቻ ተከፋፍሎ አንድ መሣሪያ ለቀናት ብቻውን ይሠራና ለሌላው ተራውን ይለቅ ነበር። መጠላለፍን ለማስወገድ ከሁሉ ቀላሉ ይህ መንገድ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ተመራማሪ የሚፈልገው መሣሪያ ተራ እስኪደርስ መጠበቅ ነው።

ጄምስ ዌብ። ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2021) የተላከው ዌብ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል። ምድር እይታውን አትጋርድበትም፤ በደቡብ አትላንቲክ መዛባት ውስጥም አያልፍም። ነገር ግን የፀሐይ መከለያው ሁልጊዜ መሣሪያዎቹን መጋረድ ስላለበት በአንድ ጊዜ ማየት የሚችለው 40 በመቶ የሚጠጋውን ሰማይ ነው። የሃብል ትእዛዞች በሰዓት የታሰሩ ሲሆኑ ዌብ ግን ቅደም ተከተልን ይከተላል። መሪ ኮከብ ሳይገኝ ቀርቶ አንድ ምልከታ ቢከሽፍ ቴሌስኮፑ ባዶ ሰዓት ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ሁለቱ ቴሌስኮፖች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን አካል በአንድ ጊዜ የተመለከቱት መስከረም 16 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022) ዳርት የተባለችው መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከተባለችው ትንሽ አካል ጋር ሆን ተብሎ ስትጋጭ ነበር። የግጭቱ ሰዓት ሊቀየር ስለማይችል ሁለት የተለያዩ ሰሌዳዎች በአንድ ቅጽበት ዙሪያ መገጣጠም ነበረባቸው።

የቴሌስኮፑ እርጅና እና ሰሌዳው

መርሐ ግብሩ ቴሌስኮፑ ሲያረጅ አብሮ ይለወጣል። ሃብል የሚዞርበትንና ጸንቶ የሚቆምበትን አቅጣጫ የሚለካው በጋይሮስኮፖች ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሚሠሩት በመመናመናቸው ናሳ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ቴሌስኮፑ በአንድ ጋይሮስኮፕ ብቻ እንዲሠራና ሌላ አንድ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ወሰነ። በዚህ አሠራር መዞሩና ዒላማ መያዙ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ በአንድ ጊዜ ሊታይ የሚችለው የሰማይ ክፍልም ይጠባል። ናሳ በወቅቱ እንደገለጸው በሳምንት ለሳይንስ የሚውሉት ዙሮች ከ85 ወደ 74 ገደማ ይወርዳሉ። መሣሪያዎቹ ራሳቸው አልተበላሹም፤ የሚጋሩት ጊዜ ግን አጥሯል። ስለዚህ የቀሩትን ዙሮች በቅደም ተከተል ማስተካከልና ትይዩ ምልከታን መጠቀም ከበፊቱ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።